የሄደችው እንሰት

እናቴ ልክነሽ አርባ ምንጭ ስታስተምር በየዓመቱ አንድ ቀጭን የወርቅ ቀለበት ትገዛ ነበር። ጣቷ ላይ ግን አታደርገውም ነበር። የጡረታዋ ገንዘብ ለምግብ፣ ባንክ ያለው ለሕክምና፣ ወርቁ ደግሞ ሴቻ ሰፈር ባላት ቁራጭ መሬት ላይ ለምትሠራው ቤት ነው ትላለች። ብር ተቀምጦ ይቀልላል፤ ወርቅ ግን እንደገዛችው ይቆያታል።

ከስድስት ዓመት በፊት የጎረቤታችን ቤት ሲሰረቅ ሃያ አራቱን ቀለበቶች በሽቦ ሰካች፤ በወተት ቆርቆሮ ከታ ገረሴ ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ወደ ጋሼ ካሱ ማሳ ይዛ ወጣች። ለማንም ሳትናገር በአንዲት ለጋ እንሰት ሥር ቀበረችው። የቅጠሏ አከርካሪ ቀይ የሆነ እንሰት እሷ ብቻ ስለነበረች ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም። ከዚያ ወዲህ የወርቅ ዋጋ ስለናረ አልገዛችም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣች። አንድ እሑድ ገረሴ ሄደን ሳለ ጋሼ ካሱ ቸርች ሲሄድ ምስጢሩን ነገረችኝና መቆፈር ጀመርን። ቀይዋ እንሰት ከቤቱ ጣሪያ በላይ አድጋለች። በአንዱ ጎን ቆፈርን፤ በሌላውም ቆፈርን። ነጫጭ ሥሮቿ ተቆርጠው ውሃ አንጠባጠቡ። ቆርቆሮ የለም። እናቴ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ክፍል ውስጥ ስም ስትጠራ አቤት የሚል ሲጠፋ እንደምታደርገው ጉድጓዱን እያየች ጠበቀች።

ጋሼ ካሱ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሲመለስ እንዲህ ሆነን አገኘን። ሁሉንም ነገረችው። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው የተቆረጡትን ሥሮች ነው።

«እኔን ሳታምኚ እንሰቴን አመንሽ» አላት።

«አፍሬአለሁ፣ ጋሼ።»

«እንሰት ደግሞ ይሄዳል። ከተማ ገብተሽ ይህንንም ረሳሽ?»

ያኔ ገባን። እንሰት አንዴ በተተከለበት አይቀርም፤ እያደገ ሲሄድ እየተነቀለ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል። እናቴ ራሷ በልጅነቷ ስንቱን ተሸክማ አዛውራለች።

አጎቴ መቼ እንደቀበረችው ጠየቃት።

«ሄራን ስምንተኛ ክፍል የተፈተነች ጊዜ» አለችው ወደ እኔ እያመለከተች።

መጽሐፍ ቅዱሱን ለእኔ ሰጥቶ መዳፉን በቀይዋ ግንድ ላይ አሳረፈ። እዚህ የመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው አለ። ከዚያ በፊት አጥሩ ጥግ ነበረች፤ ወደዚያ ያዛወራት ዝናብ በዘገየው ዓመት ነው። እየተራመደ ሌሎቹንም አስተዋወቀን፤ ይህቺ ከካምባ በትከሻው የመጣች፣ ያቺ ከሟች እናታቸው ጓሮ የተነሣች። አንዴም አላመነታም። ከሁለት መቶ በላይ ናቸው፤ የእያንዳንዷን መንገድ ያውቃል። እስከዚያ ቀን ለእኔ አረንጓዴ ጥላ ብቻ የነበረው ማሳ በአንድ ጊዜ ሕይወት ዘራልኝ። በየጥቂት ዓመቱ አንድ እርምጃ የሚራመድ ሕዝብ መሃል የቆምኩ መሰለኝ። እግሬን ማንሣት ፈራሁ።

አጎቴ የጥጃው በረት ውስጥ ገብቶ ቆመ። በረቱ ሳይሠራ በፊት፣ ያኔ ለጋ ሳለች፣ ቀይዋ እዚህ ነበረች አለ። ጥጃውን በቀስታ አስነሣና በባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያው መሬቱን ሦስት ጊዜ መታ።

ቆርቆሮው እጁ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ፈረሰ። ሽቦውንም ዝገት በልቶታል። ቀለበቶቹ ግን በጥቁሩ አፈር መሃል ትናንት የተገዙ ይመስል ያበሩ ነበር። ስድስት ዓመት የዝናብ ውሃና የከብት ሽንት ወርዶባቸዋል፤ አንዳቸውም አልደበዘዙም። አጎቴ አልነካቸውም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። እናቴ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመች፤ ሃያ አራተኛውን በነጠላዋ ጠረገችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን የቀይዋን ሥር አፈር አለበስነው። እናቴ ለቤቱ የሚሆኑትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ የቀሩትን ሰባት በአጎቴ መዳፍ ላይ አኖረች።

«አቅም ሳጣ ትሰጠኛለህ» አለችው።

የሚያስቀምጥበትን እንድታይ አብራው ወደ ቤቱ ደጃፍ እንድትሄድ ጠየቃት። አባታቸው ያስቀመጠውን የበሩን መርገጫ ድንጋይ ሦስት ሆነን አነሣነው፤ ቀለበቶቹን እሷው ራሷ ከሥሩ አስገባች፤ መልሰን ደፋነው። አጎቴ ወጥቶ ቆመበትና እንደማይነቃነቅ አየ። ከዚያ ወደ ቀይዋ ተመለሰ፤ ቅጠሏ ጠውልጎ እንደሆነ ለማየት።