ዴንቨር ሩቅ ነው

«ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ!» አለ ሙሀሲን፣ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ። «ከዴንቨር ተነሳን ስንል ሲያትል ደረሳችሁ አሉን። እንቅልፍ እንኳ ሳይወስደኝ!»

የለቅሶ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እናቱ ሽቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሲያትል አጠገብ ፌደራል ዌይ ከተማ ያለው የእህቱ የአስማእ አፓርትመንት በለቀስተኛ ተጨናንቋል። ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠና ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ጮክ ብሎ አለቀሰ።

«አይዞህ ልጄ፣ አላህ ይርሃማቸው» አሉት ጎረቤቷ ሀጂ ሳዲቅ። «ከዚያን ያህል ሩቅ አገር ለእናትህ ደረስክ።»

የሻይ ትሪ የያዘችው አስማእ ሳታዞር ተመለሰች። ኩሽና ገብታ ትሪውን አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሩቅ! ይቺን ቃል ስንት ዓመት ሰማቻት። በየዒዱ እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ለብሳ፣ እዚሁ ቤት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ ሙሀሲን ኮል ያደርጋል። «እማዬ፣ ሥራ ያዘኝ። መንገዱም ሩቅ ነው።»

«ለመሆኑ ምን ያህል ያስኬዳል?» አለቻት እናቷ አንድ ቀን፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ።

አስማእ መዋሸት አልሆነላትም። «ከቡታጅራ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትሄጂውን ያህል ነው።»

እናቷ መንገዱን ታውቀዋለች። በዚያ መንገድ ቅቤ ጭና ስትመላለስ ነው ያረጀችው። ሙሀሲንን ኢንጂነር ያደረገው ያ ቅቤ ነው።

«እንግዲያው እኔ እሄድለታለሁ» አለች።

ይህን ሲሰማ ሙሀሲን መልስ አላጣም። «ዴንቨር ከፍታ ላይ ነው እማዬ። አየሩ ልብሽን ይጎዳዋል።»

እናቷ ሳቀች። «እኔን? ጉራጌ ተራራ ላይ የተወለድኩትን?» ወዲያው ሳቋ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ልጇ ሲጠይቃት «ሩቅ ነው ያለው» ትል ነበር፣ በእሱ ፈንታ እሷ እያፈረች።

«አስማእ!» ሙሀሲን ኩሽና ገባ። ዓይኑ ደርቋል። «ሶ፣ ማታ በረራ አለኝ። ኤርፖርት ታደርሺኛለሽ? ቅርብ ነው አይደል?»

«ቅርብ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ስትጠራህም ቅርብ ነበር።»

«አሁን ይሄን ማንሳት ምን ያደርጋል? ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ሳሎን ያሉት ሰምተዋል። ሀጂ ሳዲቅ አቀረቀሩ። ሙሀሲን ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ቢዘረጋ፣ ሰውነቷ ቀፎት ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትንካኝ።»

ቢሆንም አደረሰችው። ታክሲ እስኪመጣለት ቤቷ ውስጥ እንዲቆይ አልፈለገችም። ተርሚናሉ በር ላይ ሲወርድ፣ «ስደርስ ኮል አደርጋለሁ» አላት።

የመኪናውን መስኮቶች ሁሉ ከፈተች። ልትነዳ ስትል ጎኗ ያለውን ወንበር አየች። ሙሀሲን ለረጅም እግሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶታል። ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋባት። አስማእ ግን ጎንበስ ብላ ወንበሩን ቀስ እያደረገች ወደ ፊት ሳበችው፤ የእናቷ አጭር እግር ወለሉን ይነካ እስከነበረበት ድረስ።