ጉሬዛዋ ያላጠፋችው ጥፋት

ዶክተር ሆሳዕና የሕፃኗን ጉንጭ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ግንባሯን፣ የጆሮዋን ዳርና ክንዷን አየች። በየቦታው እንደ በቆሎ ፂም የለሰለሰ፣ ግን ጥቁር ፀጉር ወጥቷል።

"እቤት ውስጥ መድኃኒት የሚጠቀም ሰው አለ?" ስትል ጠየቀች። "የሚዋጥም ይሁን የሚቀባ።"

ዱንያ ባሏን አየችው። ሰላሃዲን "የለም" አለ።

"ለቆዳ፣ ለፀጉር የሚሆን ቅባትስ?"

"ጥቁር አዝሙድ ነው እሱ የሚቀባው" አለች ዱንያ ቀድማ። "ዘይት ነው፤ መድኃኒት አይደለም።"

"ጥቁር አዝሙድስ እንዲህ አያደርግም" አለች ሐኪሟ። የደም ምርመራ አዘዘችና ውጤቱ ሲደርስ ተመልሰው እንዲመጡ ነገረቻቸው። ሲወጡ የሰላሃዲን እጅ ልማዱ ሆኖበት ወደ አናቱ ሊሄድ ሲል መንገድ ላይ ያዘው።

ጥቁር አዝሙድ አልነበረም።

ሰላሃዲን መቱ ከተማ ገበያ አጠገብ ቡናና ማር የሚረከብ ነጋዴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው መሃል አናቱ ተገለጠ። ማር ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች የዕድሜ ባለጸጋ መስሏቸው ያከብሩት ስለነበር ለንግዱ አልከፋም፤ እሱም ሊላመደው ሞክሯል። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለ ግን ዱንያ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሊቀበላት ቢሄድ፣ ዘበኛው ወንበር ስቦ "ልጅዎ፣ መምህርቷ፣ አሁን ይወጣሉ፣ ጋሼ፤ አረፍ ይበሉ" አለው። ዱንያ ሰምታ እቤት እስኪደርሱ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። በማግስቱ ግን መለሰ ዘንድ ሄደ።

መለሰ አብሮት የተማረ ጓደኛው ነው፤ ፋርማሲ ከፍቷል። መሸጥ ይወዳል፤ ሳይናገር መሸጥ ግን አይወድም።

"ሁለት መንገድ አለ" አለው። "አንዱ ኪኒን ነው። ለብዙ ሰው ይሠራል። አንዳንዱን ወንድ ደግሞ መኝታ ቤት ያሳፍረዋል። ብዙ አይደሉም፤ ግን አንተ ገና ሙሽራ ነህ…"

"እሱን ተወው" አለ ሰላሃዲን፣ ሌላ ደንበኛ እንዳልሰማ ዘወር ብሎ አይቶ። "ሁለተኛውስ?"

"የሚቀባ ነው። ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ ያለህንም ያራግፈዋል፤ እንዳትደነግጥ። ሊያሳክክህ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ልብ የሚመታባቸውም አሉ። ካቆምክ የበቀለው ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል። እንደ ትዳር ነው፣ አንዴ ከገባህ ገባህ።"

"ሌላ?"

"በነካህ ቁጥር እጅህን ታጠብ። ልጅ ስትወልዱ ደግሞ ከልጅ አርቀው።"

"ልጁ ይምጣና ያኔ እናያለን።"

ሰላሃዲን ነገር መመዘን የሚያውቅ ሰው ነው። ማሳከኩን፣ የልብ ምቱን፣ የዕድሜ ልክ ቀጠሮውን ባንድ በኩል አስቀመጠ፤ የዘበኛውን ወንበር በሌላ በኩል። ችግሩ ቢመጣ በራሴ ላይ ነው፣ ራሴ እችለዋለሁ አለ። ይኼ ትክክል መሰለው፤ የዚያን ቀንም ትክክል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አላማረውም። መድኃኒቱ ስፒርቶ ስፒርቶ ይላል። እናቱ ጣሂራ ከምትኖርበት ከሁሩሙ በመጣች ቁጥር ቤቱን ታሸታለች፤ "በዚህ ራስህ ነው የምትሰግደው?" እንደምትለው አወቀ። ወንድ ልጅ ለመልኩ ኬሚካል ይቀባል መባሉንም ፈራ። ስለዚህ ባዶ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠርሙስ አጥቦ መድኃኒቱን ገለበጠበት። ዱንያ ስትጠይቀው "ጥቁር አዝሙድ ነው" አላት፤ አፍንጫዋ እምብዛም ሽታ ስለማይለይ ሌላ አልጠየቀችም።

ፀጉሩ በቀለ። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ፣ ቀጥሎ እንደ ሰው። ፀጉር አስተካካዩ "ወላሂ አንተ ሰውዬ ወደ ኋላ እየሄድክ ነው" አለው። መላጣ የሆኑ የገበያው ወንዶች ምስጢሩን ሲጠይቁት ጥቁር አዝሙድ እያለ መለሰላቸው። ጥቂቶቹ ገዝተው ከልባቸው ቢቀቡም መላጣቸው ከማብለጭለጭ በስተቀር ምንም አልተለወጠም። ያኔ ትንሽ አፈረ። ግን የሚያስቅ ኀፍረት ነበር።

ከዚያ ጊፍቲ ተወለደች። አንገቷ ከጠና በኋላ አባትና ልጅ ልማድ አወጡ። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ታጥቦ መድኃኒቱን ይቀባል፤ ዱንያ የተማሪ ደብተር ስታርም ልጁን አንገቱ ላይ አስቀምጦ ከጓሮው የሙዝ ተክል ሥር ይመላለሳል። ጊፍቲ ፀጉሩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጉንጯን አናቱ ላይ ጥላ ትተኛለች። መለሰ "ከልጅ አርቀው" ሲለው ጠርሙሱን ማለቱ መስሎት ነበር። ጠርሙሱንማ ቁምሳጥን ላይ ሰቅሎታል።

የጊፍቲ ፊት መጥቆር ሲጀምር መጀመሪያ ያየችው ጣሂራ ናት።

"ያ ኢንታላ ኮ!" ብላ ጮኸች፤ ልጄ ልጄ እያለች። "ይኼ የሰው ፀጉር ነው? ዱንያ፣ እርጉዝ ሆነሽ ወዴት ሄደሽ ነበር?"

"የትም፣ እማ። ሶር ብቻ። ፏፏቴውን ልናይ።"

"ዱር ውስጥ ምን አየሽ?"

ዱንያ ሳትደብቅ ነገረቻት። ያየችው ጉሬዛ ነበር። አንዲት ጉሬዛ ዛፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን የከበበውን ነጭ ፀጉር ነፋስ እያወዛወዘው ቁልቁል ስታያት፣ ዱንያ በሳቅ ሆዷን ይዛ "ኧረ ማማሯ!" ብላ ነበር።

"ወኒ!" አለች ጣሂራ፣ ጉሬዛን በኦሮምኛ ስሟ ጠርታ። "እርጉዝ ሴት የወደደችውን ነው የምትወልድ። ማማሯ አልሽ፤ ያውልሽ!"

ሰላሃዲን ያን ቀን ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ወሬው በጎረቤት ተዳረሰ፤ ሴቶች ልጅቷን ሊያዩ ሲመጡ ዱንያን አዩ። ዱንያ የተማረች ናት፣ በጉሬዛ አላምንም ትላለች። ግን ልጇን ፊቷን በሻርፕ ሳትሸፍን ከደጅ አትወጣም ነበር። አንድ ከሰዓት ሰላሃዲን በር ላይ ሆኖ ሰማት፤ ለጊፍቲ ጡት እየሰጠች "ይቅር በይኝ፤ ዓይኔን ምን ወደዚያች ጉሬዛ ወሰደው" ትላለች። በእግሩ ጣት ተመልሶ ወጣ። ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ ያሳመናትም እሱ ነው፤ ሐኪም ሌላ ምክንያት ያገኝልኝ ይሆናል ብሎ።

ሐኪሟ ስትጠይቅ ግን "የለም" አለ።

የዚያኑ ቀን መለሰ ፋርማሲ ሄዶ ሁሉንም ነገረው። መለሰ መነጽሩን አውልቆ አፈጠጠበት።

"አንተ፣ ከልጅ አርቀው ብዬህ አልነበር?"

"ጠርሙሱን…"

"ራስህስ? የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ የነካውን ይጠጣል። ዛሬውኑ አቁም። ፀጉሯ ከጊዜ በኋላ ይረግፋል። ግን መድኃኒቱ የልብና የደም ግፊት ነገር አለው፤ ሐኪሟ ልቧን እንድታይ ንገራት። ዱንያ ታውቃለች?"

"እነግራታለሁ።"

አቆመ። ልጁንም አንገቱ ላይ ማስቀመጥ ተወ፤ ጊፍቲ እጇን ወደ ራሱ እየዘረጋች ብታለቅስም። መናገሩን ግን ነገ ነገ አለው። የልቧ ነገር እንቅልፍ ቢነሳውም፣ "ደህና ትጫወት የለም እንዴ?" እያለ ራሱን አባበለ።

የምርመራው ውጤት ሳይደርስ ጣሂራ ከሁሩሙ ተመልሳ መጣች፤ ቆርጣ ነው የመጣችው።

"ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ። የእናቷ ጡትም ዓይንም አልበጃትም። እኛ ጋ ጡት አስጥዬ፣ ማር እየቀባሁ አድናታለሁ።"

ሰላሃዲን ዱንያ እምቢ ትላለች ብሎ ጠበቀ። ዱንያ ግን ተነስታ የጊፍቲን ልብሶች ታጥፍ ጀመር። አንዱን አጥፋ እንደገና ፈትታ ታጥፈዋለች።

"ዱንያ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ከዳነችልኝ ትሂድ" አለች፣ ቀና ሳትል።

ያኔ ሁሉም ነገር እስከ መጨረሻው ታየው። ጊፍቲ ሁሩሙ ትሄዳለች። ከእሱ ራስ ትርቃለች፤ የፊቷ ፀጉርም ይረግፋል። እናቱ "አላልኳችሁም?" ትላለች፤ ጎረቤት ሁሉ አሜን ይላል። ምስጢሩ ለዘላለም ይቀበራል፤ ልጅቷም ትድናለች። ዱንያ ደግሞ ከልጇ በመራቋ ልጇ የዳነችላት እናት ሆና ትኖራለች። እሱ ምንም አያደርግም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ምቾቱ አስፈራው።

"እማ፣ ልጅቷ የትም አትሄድም" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን ጠርሙስ አውርዶ ነገራቸው። መለሰ ያለውን፣ እሱ የገለበጠውን፣ የጊፍቲን ጉንጭና አናቱን። ሲጨርስ ጣሂራ በመዳፏ አፏን ሸፍና ሳቀች።

"ሚስቱን ሊሸፍን! አባትህን መሰልከኝ። ወጥ ሳሳርር ‘እሳቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ’ ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።"

ዱንያ አልሳቀችም። ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችው።

"ሐኪሟ ስትጠይቅ አጠገቤ ነበርክ።"

"አዎ።"

"ጥቁር አዝሙድ ነው ብዬ የመለስኩልህ እኔ ነኝ።"

"አዎ።"

"መለሰ ምን አለህ?"

"ይረግፋል አለኝ። ልቧን ግን ሐኪም ይያት አለ።"

"መቼ ነው ይኼን ያለህ?"

"ከሆስፒታል በተመለስን ዕለት።"

ዱንያ ጊፍቲን ብድግ አድርጋ የልጅቷ ደረት ላይ ጆሮዋን አስደገፈች፤ ያቺም ጨዋታ መስሏት የእናቷን ሻርፕ ሳበች። ዱንያ ልጇን አዘለቻት፤ ፊቷን አልሸፈነችም። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ወደ ሐኪሟ አብሬሽ ልምጣ?" አለ ሰላሃዲን።

"አትምጣ። የፀጉርህን ነገር ብትነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ እቀባህ ነበር" አለች። "አንተ እዚህ ሁን። መጀመሪያ እማ ይመኑህ። ከዚያ ከጎረቤታችን ከተጂቱ ቤት ጀምረህ፣ ልጄን ሊያዩ መጥተው እኔን ካዩት ሁሉ ደጃፍ እየደረስክ እውነቱን ትናገራለህ። ስመለስ ጀምረህ ላግኝህ።"

ባጃጅ ስትጠራ ድምጿ ከደጅ ተሰማ፤ ከዚያ የባጃጁ ድምፅ ቁልቁለቱን ወረደ። ጣሂራ በመስኮት ተመልክታ ቆየችና ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

"እሺ፣ አሁን ብቻችንን ነን" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "እውነቱን ንገረኝ። ወኒዋን ምን ያህል ቆማ አየቻት?"

ሰላሃዲን በርጩማ ስቦ እናቱ ፊት ተቀመጠ።

"እማ፣ ወኒዋን ተያት። እንደ አዲስ ልንገርሽ።"