የሲልቨር ሳድል ሁለት ፓውንድ

ኑርሁሴን ኮሎምበስ አጠገብ፣ ሂሊያርድ ከተማ ባለ መጋዘን የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። የፈረስ ባለቤቶች ማኅበር ሲልቨር ሳድል የተባለውን የኮሎምበስ የአጭር ርቀት ግልቢያ ታሪክ እንዲጽፍ ሲጠይቀው፣ መጀመሪያ የዘረዘረው አሸናፊዎቹ የተሸከሙትን ክብደት ነበር። በዚህ ውድድር ጎበዝ ፈረስ ከሌሎቹ ጋር እንዲመጣጠን ከኮርቻው ሥር የእርሳስ ብረት ይጨመርበታል። ጋላቢው ከነኮርቻው ከሩጫው በፊትም በኋላም ይመዘናል።

እስከ ዛሬ ያልተሰበረው ሰዓት ሌዲ ሜፕል የተባለችው ፈረስ ነው፤ በአፍንጫ ቀድማ ነበር የገባችው። ያኔ የሚንከባከቧት ጋሼ ጀማነህ ነበሩ። ኑርሁሴን በዲቪ ሲመጣ ስድስት ወር ቤታቸው ያሳደሩት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ቅዳሜ ጠዋት ሞርስ ሮድ ላይ ወዳለው የጋሼ ሱቅ ሄዶ ሌዲ ሜፕል ካሸነፈችበት ቀን ሦስት ፎቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። በመጀመሪያው ፈረሶቹ ሊሮጡ ሲሉ የጋሼ ጃኬት ቀኝ ኪስ ወደ ታች ተጎትቷል። በሁለተኛው ከሩጫው በኋላ ወደ ሚዛን የሚሄደውን ጋላቢዋን ትከሻ ለትከሻ ሰላም ይሉታል። በሦስተኛው ኪሱ ልሙጥ ነው።

“ጋሼ፣ እዚህ ኪስ ውስጥ ምን ነበር?”

“ካሮት።”

“ካሮት እንዲህ ይጎትታል?”

“አንተ፣ የፈረስ ታሪክ ነው የምትጽፈው የጃኬት?” ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

“ጋላቢው ሳይመዘን መንካት ክልክል ነው። እርስዎን እንዴት ዝም አሉዎት?”

“ሁልጊዜ እንዲያ ነበር ሰላም የምለው። ባህሉ ነው ብለው ተዉኝ። ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሰላምታ ነበር።”

“ነበር? እስከ መቼ?”

ጋሼ የምስር ከረጢት ማስተካከል ጀመሩ። ኑርሁሴን ፎቶዎቹን ሰብስቦ ሲነሳ እስከ በር ሸኙት፤ ትከሻውን ሦስቴ ገጩት፣ በሦስተኛው ትንሽ ቆዩ።

መኪናው ጋ ሲደርስ ካፖርቱ በቀኝ በኩል ከበደው። እጁን ከተተ። ጠርዙ የተበላ፣ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ የእርሳስ ብረት። ቀጥታ ወደ መጋዘኑ ነድቶ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

“ስንት አለ?” አሉ ጋሼ ጀማነህ።

“ድፍን ሁለት ፓውንድ።”

“ያቺን አንድ ቀን ብቻ ነው ከኮርቻዋ አውጥቼ በሰላምታ የመለስኩት፣ ኑሬ። እግሯን አሟት ነበር፣ አሳዘነችኝ።” ተነፈሱ። “ሬከርዱን ሰርዘው። የኔንም ስም ጻፍ። ፈረሷ ግን አታውቅም ነበር በልልኝ።”