ምንም የለም፣ ሂድ

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን እንኳን ስለ ሥራው እየዋሸ የኖረ ሰው ነው። እኛ የምናውቀው የመንግሥት መጋዘን ዕቃ ግዥ ሠራተኛ መሆኑን ነበር። እናቴ «የእኔ ባል ከብሎንና ከቀለም ሌላ ወሬ የለውም» እያለች ለጎረቤት ታማው ነበር። እሷ ካረፈች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ «እስቲ ይሄን አንብቢልኝ» አለኝ። የስለላ መሥሪያ ቤት ይሠራ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው። አንብቤ ስጨርስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጥፍሩን ይቆርጥ ነበር።

«እማዬ ይሄን ሳታውቅ ሞተች?» አልኩት።

«ብታውቅ ምን ይጠቅማት ነበር?» አለኝ፤ ዞር ብሎም አላየኝም።

ደብተሮቹ ታትመው ቀጭን መጽሐፍ ወጣቸው። የመጽሐፉ ልብ የአንድ ጓደኛው ታሪክ ነው። ሰውየው የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም «ሳቂታው» ነበር የሚለው። የዕቃ ሣጥኑን አንጠልጥሎ የባዕዳን መንግሥታት ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ይገባል፣ የተሰበረውን ፊደል ይቀጥላል፣ ሲወጣ ግን ሣጥኑ ሥር ወረቀት ይዞ ነው። ወረቀቱን የሚቀበለው አባቴ ነበር። አንድ ቀን ሳቂታው እንደወትሮው ሊጠግን ገብቶ በዚያው ቀረ። ሬሳውም አልተመለሰ። መጽሐፉ «ድንገት ተያዘ፤ ማናችንም አላወቅንም ነበር» ይላል።

የሳቂታው ሚስት ከመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ጡረታ የወጣች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። እኔ «እትዬ» እያልኳት ነው ያደግሁት። አባቴ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤቷ ይሄድ ነበር፤ ያፈሰሰ ቧንቧ ያጠብቃል፣ የዛገ በር በዘይት ያሻል፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው። እሷ «ወንድሜ» ትለዋለች፣ እሱ «እህቴ» ይላታል። መጽሐፉ እንደወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ የወሰደላት እሱ ነው። አንብባ ስታበቃ ግንባሩን ሳመችው።

ታዲያ መጽሐፉ አንድ ዳይሬክተር እጅ ገባ። እስከዚያ ድረስ የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ የኖረ፣ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ሰው ነው። ሳሎናችን ተቀምጦ እጁን እያወናጨፈ «ጋሼ፣ ይሄ ፊልም ነው! ንጹሕ ፊልም!» አለ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «እርስዎን የሚሆን ተዋናይ ከየት አመጣለሁ? ራስዎ ይጫወቱት እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመት የተወኑ ሰው፣ ካሜራ ምን ያደርግዎታል?»

አባቴ መጀመሪያ እምቢ አለ። ዳይሬክተሩ ግን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ በሦስተኛው እትዬም አብራው ነበረች። «ወንድሜ፣ የማያውቀው ሰው ከሚቀልድበት አንተ ብትሠራው ይሻላል» አለችው። ለእሷ እምቢ ማለት አልቻለም።

ቀን ቀን ፋርማሲ እውላለሁ፣ ማታ ከእራት በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቃለ ተውኔቱን አስጠናው ነበር። የሚይዘውስ ቶሎ ይይዛል፤ ጭንቅላቱ ገና ስለት ነው። አወራሩ ግን የመድኃኒት ወረቀት የሚያነብ ሰው ይመስላል። ለካስ መዋሸትና መተወን ለየቅል ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። አንዲት ቦታ ስንደርስ ግን ያም ያቅተዋል። ሳቂታውን ለመጨረሻ ጊዜ አውቶቡስ ማቆሚያ አግዳሚ ላይ አግኝቶ የሚሸኝበት ቦታ ነው። ንግግሩ «ምንም የለም። እንደ ሁልጊዜው ነው። ሂድ» የሚል ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ መንጋጋው ይቆለፋል። ውሃ ይጠጣል። ተነሥቶ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ያልተከፈተውን።

«አባዬ፣ አንድ መስመር እኮ ናት» እለዋለሁ።

«ነገ እንሠራታለን» ይለኛል።

ያ ትዕይንት የተቀረጸ ዕለት የደም ግፊት ክኒኑን ረስቶ ስለነበር ይዤለት ሄድኩ። አባቴን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ለማስመሰል ጸጉሩን እንደ ጫማ ቀለም አጥቁረውታል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ቀለሙ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ሳቂታውን የሚሠራው የፊልሙ ባለገንዘብ ሚስት ወንድም ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኩያ ጓደኛሞች ናቸው የተባሉት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አያትና የልጅ ልጅ ሆነው ቁጭ አሉ።

«ጋሼ፣ ዘና ይበሉ!» ይጮኻል ዳይሬክተሩ። «ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆነው ይበሉት!»

«እንደማያውቅ?» አለ አባቴ።

«አዎ! መጽሐፉ ላይ እንደጻፉት!»

ሃያ ሰባት ጊዜ ደገሙት። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ «በቃ፣ ከነዚህ መሀል የተሻለውን እንመርጣለን» ብሎ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። መነጽር ሳያደርግ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ፊልሙ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ አመድማ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ የባሏን ትንሽ ፎቶግራፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጣች። አባቴ መሀል ተቀመጠ፤ እሷ በቀኙ፣ እኔ በግራው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጸጥታ ነበር። ከዚያ አንድ ሰላይ ጋዜጣ ተከልሎ ሲጠባበቅ ታየ። ጋዜጣው ተዘቅዝቋል። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ገልብጠው!» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቀጥሎ የጠላት አለቃ መጣ። ጢሙ ሲገባ በቀኝ በኩል ያዘነበለ ነበር፤ ሲወጣ ወደ ግራ ዞሯል። በመኪና ማሳደዱ ላይ አሳዳጁ መኪና ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል በጨዋነት ፍሬቻ አበራ፤ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴትዮ ደግሞ መኪኖቹ በሄዱበት ሁሉ አራት ጊዜ አለፈች። በአራተኛው አዳራሹ አጨበጨበላት። አንዱ ሰላይ ምስጢራዊ ደብዳቤ ሲውጥ ስቅታ ያዘው፣ አልቆረጡትም፤ ጠላቱ የተተኮሰበት ወድቆ ካበቃ በኋላ የጥይቱ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡን የሚያቆመው አልነበረም። ፊት ወንበር ላይ ያለው ዳይሬክተር መጀመሪያ ላቡን ጠረገ፤ ቆይቶ ዘወር ዘወር እያለ ሕዝቡን አየ፤ በመጨረሻ እሱም ከሳቂዎቹ ጋር ሳቀ።

አባቴ አልተነቃነቀም። እትዬ ክንዱን ይዛ «አይዞህ፣ ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ» አለችው። እኔ አፈርኩለት።

አግዳሚው መጣ።

የአባቴ ፊት ሸራውን ሞላው። ጥቁሩ ቀለም በአንገቱ ይወርዳል። ካሜራውን ላለማየት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። «ምንም» አለ። ምራቁን ዋጠ፤ ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ ሁሉም አየው። «የለም» አለ። አዳራሹ መንተክተክ ጀመረ። «እንደ። ሁልጊዜው። ነው። ሂድ።»

ወጣቱ ሊሄድ ተነሣ፤ መሄድ ግን አልቻለም። አባቴ እጅጌውን ይዞታል። ልጁ ግራ ገብቶት ተቀመጠ። «ሂድ» አለ አባቴ እንደገና፤ አሁንም አልለቀቀውም። ልጁ ተነሣ፣ እጅጌው ጎተተው፣ ተቀመጠ። ከሃያ ሰባቱ የተሻለው ይሄ ነበር መሰለኝ። አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ወንበር ይደበድባል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ አንዲት ሴት «ወይኔ፣ ሆዴ! ሆዴን!» ትላለች። «አንተ ግንድ፣ ልቀቀው እንጂ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

እኔም ሳቅሁ። መካድ አልችልም። አፌን በመዳፌ አፍኜ ሳቅሁ።

ወዲያው እትዬን አየኋት። እጇን ከአባቴ ክንድ ላይ አንሥታለች። ሸራውን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው፤ ፊቱን ሳይሆን ጉልበቱ ላይ የተጨበጡትን እጆቹን። ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች፣ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» እያለች በሚስቁት ሰዎች ጉልበት መሀል ተሹለክልካ ወጣች።

ደረጃው ላይ ደረስንባት። ውጭው ገና ብርሃን ነው። አንድ እጇን የብረቱ መደገፊያ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

አባቴ አንድ ደረጃ ወረደ።

«ሠላሳ ዓመት ቤቴ ስትመጣ ታውቅ ነበር። እንደሚይዙት እያወቅህ ነው የላክኸው።»

«ከአራት ቀን በፊት ነው የሰማነው» አለ አባቴ። ድምፁ የፊልሙ ድምፅ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ ግልጽ ድምፅ ነበር። «እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሌላ ሰው ነበረን። ትልቅ ሰው። ያን ቀን መውጣት ነበረበት። ዘበኞቹ ዓይናቸው ሌላ ሰው ላይ እንዲሆን ተፈለገ።»

«እምቢ ብትልስ?»

«ሌላ ሰው ይልኩበት ነበር። ሌላውን ግን አያምነውም። እኔን ነበር የሚያምነኝ።»

እትዬ ፊቷን ወደ ጎዳናው አዞረች። ከኋላችን፣ ከአዳራሹ ውስጥ፣ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

«ያን ጊዜም እጅጌውን ይዘኸው ነበር?» አለች።

«የለም።»

«እንዴት አድርገህ ነው የነገርኸው?»

አባቴ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ለዚያ ለዚያ ማን ብሎት።

«ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት» አለ። «ስለ አለቃችን ቀልድ ነገርኩት። ሳቀ። እየሳቀ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች እትዬ፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ያን ጊዜ እንደ ዛሬው እንጨት ሆነህ ብትነግረው ኖሮ፣ ባሌ ቤቱ ይገባ ነበር።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ልከተላት ስል እጇን ወደ ኋላ አወናጭፋ ከለከለችኝ።

ሰዎች ያን ትዕይንት በስልክ ቀርጸውት ኖሮ ሳምንት ሳይሞላ አገር አዳረሰው። መንገድ ላይ ጎረምሶች አንዳቸው የሌላውን እጅጌ ይዘው «ምንም። የለም። ሂድ» እየተባባሉ ይንከባለላሉ። ፋርማሲ አንድ ደንበኛ የሳል መድኃኒቱን ተቀብሎ ጓደኛውን እንዲሁ ሲያደርገው ቆሜ አየሁ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀም፤ ሳቀልኝ፣ ሳቅሁለት። ዳይሬክተሩ የድሮውን ማስታወቂያ አስነቅሎ «የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ» የሚል አሰቀለ። አዳራሹ ለሁለት ወር ሞላ። ቤት ድረስ ደውሎም «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ክፍል እንሥራ፤ ሕዝቡ እርስዎን ነው የሚፈልገው!» አለ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

አባቴ ለፌዙ ደንታም አልነበረው። በጠራራ ፀሐይ «ግንዱ!» ብለው ሲጠሩት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲደርስ የዕቃ ቦርሳውን ይዞ እትዬ ጋ ሄደ። በሩ አልተከፈተም። በሚቀጥለው ወርም ሄደ። በሦስተኛው ወር ከመሄዱ በፊት አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ፤ ማን እንዳዘዘው፣ በስንት ሰዓት፣ የነገረው ቀልድ ሳይቀር። አንዱን ቅጂ ለድሮ መሥሪያ ቤቱ አስገባ። «የተጠቀሰው ሰው በመዝገባችን አይገኝም» የሚል ሁለት መስመር መልስ መጣለት። ሌላውን ቅጂ በእትዬ በር ሥር አሾለከው።

ከዚያ በኋላ ነው እኔን ያስጠራችኝ። ሳሎኗ ገብቼ ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱ ገጽ ጠረጴዛው ላይ፣ የባሏ ፎቶግራፍ ከላዩ ነበር። ቧንቧው ወጥ ቤት ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«አንቺ በዚያን ጊዜ ገና ጡት አልጣልሽም ነበር» አለችኝ። «አንቺን የምቀየምበት ነገር የለኝም። ስትፈልጊ ነይ። እሱ ግን አይምጣ። ደጄ ላይም አይቁም፤ ጥላውን በመጋረጃው አየዋለሁ።»

«ይቅርታ ብሎ የጻፈውን አነበብሽው?»

«አነበብኩት። ጥሩ ነው የጻፈው» አለች። «ምን ያደርጋል፣ የቱን ልመን? ሠላሳ ዓመት እኮ ሻይ አብሮኝ ሲጠጣ አምኜዋለሁ።»

ሻይ አቀረበችልኝ። እየተንሰቀሰቅሁ ጠጣሁ። እሷ አላለቀሰችም።

ቤት ስደርስ አባቴ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ የመቆለፊያ ሆድ ዕቃ ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደርድሯል። ቀና አለ።

«ምን አለች?»

«ደህና ናት» አልኩት። «ሰላም በይው ብላለች። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ነው ያለችው።»

ረጅም ጊዜ ፊቴን አየው። ፊት ማንበብ እንጀራው የነበረ ሰው ነው። ከዚያ «እሺ» ብሎ አጎነበሰ፣ አንዲቷን ቀጭን ሞላ በጣቱ አንሥቶ ወደ ቦታዋ መመለስ ጀመረ።