ለቀንድ አውጣ ሰባት ቤት

ማዳም ደብዳቤውን የጻፈችው ለእኔ አልነበረም። ማንበብ አልችልማ። የጻፈችው ለአቶ ዳኛው ነው፤ በጤና ትምህርት ቤት ለሚያስተምረው፣ አንዲት ቀንድ አውጣ በእጁ ይዞ ለማያውቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ልብሷን ያጠብሁ፣ ቀንድ አውጣ የምታረባበትን የመስታወት ገንዳ ውኃ የለወጥሁ እኔ ይመኙሽ ነኝ። ባሏ ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲጠራ ገንዳውን አሸክማ ከአበራ ጊዮርጊስ ጀርባ ካለችው ቤቴ ድረስ ያመጣችውም ለእኔ ነው። «እስክመለስ የቀንድ አውጣዎቼን ቀይ መልክ ጠብቂልኝ» አለች። እሽ አልሁ።

ቀንድ አውጣ ስላችሁ የአንገረብን ወንዝ እንዳታስቡ። የአንገረቡ እንደ ጦር የሾለ፣ መልኩም ጭቃ ነው። የማዳም ግን እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ፣ ሥጋው በቅርፊቱ ውስጥ እንደ ፍም የሚቀላ ነው። ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ በዚያች ቤት ከእኔ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር እነርሱ ብቻ ነበሩ። ጎመን ቀቅዬ እሰጣቸዋለሁ፤ ቅርፊታቸው እንዳይሳሳ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ እበትንላቸዋለሁ።

ጥፋቴን አልደብቅም። የተረከብኋቸው ገና ምስር ሲያካክሉ ነው፤ ዐሥራ አንዱም የአንድ እናት ልጆች። ሲያድጉ እርስ በርስ ሊጋቡ ነው። በእኔ ቤት፣ በጊዮርጊስ አጥር ሥር፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አዘዞ፣ በሌላ ፈረንጅ ቤት ወጥ የምትሠራ ስንዱ የምትባል ወዳጅ አለችኝ። እዚያም ገንዳ አለ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ዓይነታቸው ያው ሆኖ መልካቸው ጥቁር ነው። አንዲቱን ቀይ እቤት ትቼ፣ ዐሥሩን በጠርሙስ ይዤ በጥር ወረድሁ።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለች ስንዱ።

«እነዚህን ትቼልሽ ሙሽራ ልወስድ።»

«ሽማግሌ ሳትልኪ?»

«ሽማግሌዋ እኔው ነኝ። ይልቅ ዘሩን ንገሪኝ።»

«ባሕር ማዶ ነው። እኔ የማውቀው ጎመን እንደሚወድ ነው፤ ከብዙ ወንድ ይሻላል።»

አንድ ጥቁር ይዤ ተመለስሁ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ዐሥሩን ቀዮች የስንዱ ገንዳ ዓሣ በልቶ ጨረሳቸው።

ጥቂት ሰንብቶ ቀይዋ ከቅጠል ሥር እንደ ተልባ የሚዝለገለግ እንቁላል ጣለች። በሳምንቱ ሙሽራውም ጣለ። አዎ፣ ሙሽራው። እያንዳንዳቸው ባልም ሚስትም መሆናቸውን ያን ቀን አየሁ። ተፈልፍለው ሲያድጉ ግን ሁሉም ጥቁር። በዐቢይ ጾም ቀይዋ እናትም ሞተች።

በሚያዝያ አቶ ዳኛው ደብዳቤውን ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ማዳም ‹ከደከማት ቀዮቹን ወደ ትምህርት ቤት ውሰድ› ብላኛለች። የታሉ?»

«ልጆቻቸው ጠቆሩ። ቀዩ ግን ከውስጣቸው አለ።»

«እንዴት ይኖራል?»

«አያቴ ቀይ ነበረች። እናቴ ጠይም ወጣች። እኔን እየኝ፤ መልሼ ቀይ።»

ሳቀ። በትሕትና ነበር የሳቀው፤ እሱ ነው ያናደደኝ። «ቀዮቹ ሞተውብዎት የወንዝ ጨምረውበታል። አልፈርድብዎትም፤ እርጅና ነው። እኔ ወደ መተማ ለሥራ እወርዳለሁ። ከመስቀል በኋላ ተሸካሚ ይዤ መጥቼ ገንዳውን እወስዳለሁ።»

«የወንዙንና ይኸን መለየት ካቃተህ ምን ልታስተምርበት ነው?»

ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ። ቤቴ ያለ ገንዳው ምን እንደምትመስል ላስብ አልሁና ተውሁት።

ከቀይዋ እንቁላል ከወጡት አንዲት ትንሽ ጥቁር መርጬ፣ ወንድሞቿ ሳይደርሱባት፣ ጠርሙስ ውስጥ ለብቻዋ አኖርኋት። ባል ልፈልግላት አዘዞ ብወርድ የስንዱ ፈረንጆች አገራቸው ገብተዋል፤ ስንዱም ጠዳ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች። ተመለስሁ። ክረምቱን ሁለታችን ተቀመጥን፤ እሷ በጠርሙሷ፣ እኔ በምድጃዬ ዳር። ውኃው እንዳይበርዳት ወደ እሳቱ አስጠጋታለሁ። ድምፄን የምሰማው ለእሷ ስናገር ብቻ የሆነበት ሳምንት ነበር።

በነሐሴ ጠርሙሱ ላይ እንቁላል አየሁ። አውራ እንደሌላት ዶሮ እንቁላል ይበሰብሳል አልሁ። አልበሰበሰም። ሲፈለፈሉ የጤፍ ፍሬ ያህላሉ፤ መልካቸው አይለይም። ጠበቅሁ። በመስቀል ሰሞን በፀሐይ ሳያቸው ከአርባው ዐሥሩ ቀይ ናቸው። ለማን ሮጬ ልንገር? በሩን ከፍቼ መንገዱን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

አቶ ዳኛው እንዳለው ሁለት ተሸካሚ ይዞ መጣ። ጠርሙሱን ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ከየት አመጧቸው?»

«ከእናታቸው።»

«አባትየውስ?»

«የለም። ብቻዋን ነው የወለደች።»

«እማማ ይመኙሽ፣ ይኸማ አይሆንም። ለቀንድ አውጣም ቢሆን ሁለት ያስፈልጋል።»

«ለሚቸኩል ሰው ነው ሁለት የሚያስፈልግ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እሱ ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ አንዷን በርጩማ፣ ምድጃውን፣ መስኮቱን። ከዚያ ሰዎቹን «ሂዱ» አላቸው። «ገንዳው እርስዎ ጋር ይቆይ።»

ደስ አለኝ አልልም። አላመነኝም፤ አዘነልኝ። ቀይ ለማሳየት ክረምቱን የቆየሁት ሊታዘንልኝ አልነበረም። ከአርባው አንዷ፣ ምስር የምታህል ጥቁር፣ ለብቻዋ ያለችበትን ሌላ ጠርሙስ አንሥቼ ደረቱ ላይ አስጠጋሁለት።

«እንካ። ይህችን ማንም አልደረሰባትም። ቤትህ ለብቻዋ አስቀምጣት።»

«እማማ፣ እኔ ጊዜ...»

«አልጨረስሁም። ጎመኑን ራስህ ቀቅል፣ ውኃውን ራስህ ለውጥ፤ ለሠራተኛ እንዳትሰጣት። በየሰንበቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይዘሃት እዚህ ድረስ ና፤ እንዴት እንደሆነች አያለሁ። ስትወልድ ውሸታም ያልኸኝን በአፍህ ትመልሳለህ። ባትወልድም ና።»