ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ

ቤተ ሙከራችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ከሆኑ አያበሩም። እያንዳንዷ ትንሽ ኬሚካል ትለቃለች። ሲበዙ ኬሚካሉም ይበዛል፤ ያኔ "ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል!" ያሉ ይመስል ብልቃጡ በሙሉ ሰማያዊ ይበራል። የአለቃዬ የሎርና ሥራ ይህን የኬሚካል መልእክት ማፈን ነው። ሲታፈን፣ ሚሊዮን ሆነውም እያንዳንዷ ብቻዋን ያለች ይመስላታል፤ ብልቃጡም ይጨልማል።

ሰኞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዴል ብርሃኑን የምናይበትን ጨለማ ክፍላችንን የወንበር መጋዘን ለማድረግ ስብሰባ ጠራ።

"ድምፅ ከተሰጠ አለቀልን" አልኳት ሎርናን።

"ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላስ?" አለችና ከስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ለተሰብሳቢዎች የቀረበውን ትኩስ የዶናት ካርቶን ብድግ አድርጋ ጨለማ ክፍላችን ውስጥ ቆለፈችበት።

እነዚያ የተከበሩ ፕሮፌሰሮች አንድ በአንድ መጡ፤ በሩ ላይ አፍንጫቸውን ቀስረው አሸተቱ፤ ምንም የለም። ወደየቢሯቸው ተመለሱ።

ዴል ባዶ ወንበሮቹን እያየ ጦፈ። "ምን ነክቷቸው ነው? ሦስት ጊዜ ኢሜይል ልኬላቸዋለሁ እኮ!"

ሎርና ከከንፈሯ ላይ ስኳር እየጠረገች፣ "ኢሜይል አይሸትም፣ ዴል" አለችው።