የጆንያ ቋጠሮ

ልብስ ሰፊዋ ዶሮዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እግሯ ላይ የታሰረውን ሰማያዊ ክር በመቀስ ጫፍ ልትበጥስ ስትል እጇ ቀጥ አለ። ክሩ ስለጠበቀ ልትቀይረው ነበር የያዘቻት። ክሩ የራሷ ነው፤ ቋጠሮው ግን አይደለም። እሷ ክር ስትቋጥር ሁለት ጊዜ አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትቀብራለች፤ ሃያ ዓመት ቁልፍ ሲተክል የኖረ እጇ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም። ይኸኛው ግን እንደ ጆንያ አፍ ጭምድድ ተደርጎ የታሰረ ነው፤ ጫፎቹም ተንጨባረዋል።

"ሙሽሪት! በጠዋቱ ምን አድርጋሽ ነው የምታስጮሂያት?" አሉ እትዬ ከበራቸው ላይ።

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ሙሽሪት የሚሏት በፍቅር አይደለም፤ ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ግን ትናንት የመጣሽ ነሽ ለማለት ይጠሩባታል። እሷም በበኩሏ "እርስዎ" ማለቷን ሳትተው አሥራ አንድ ዓመት ተጣልታቸዋለች። ባሏ ሹፌር ነው። ሁለቱ ሲጀማምሩ መኪናው ነዳጅ እንዳለቀበት ትዝ ይለዋል።

ግቢው አንድ፣ የዶሮው ቤትም አንድ ነው። አራቱ ቀያይ ዶሮዎች በአንድ ቀን ከአንድ እርባታ ስለተገዙ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ይመስላሉ። ሁለቱ የእትዬ፣ ሁለቱ የእሷ ናቸው። በእሷዎቹ እግር ላይ ክር ያሰረችውም ለመለየት ነው።

ከሃያ ቀን በፊት ከእሷዎቹ አንዷ መታቀፍ አማራት። እንቁላል መጣሏን ትታ ባዶው ጎጆ ላይ እንደ ትራስ ተዘርግታ ዋለች። እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፤ የደረቷን ላባ ነጭታ ነጭታ ቆዳዋ ወጣ። እትዬ፣ "ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድፍቅ አድርጊያት፤ እምቢ ካለች ላባ በአፍንጫዋ አሳልፊባት" አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሳቀችባቸው። የእንስሳት ሐኪሙ በነገራት መሠረት ወለሉ ሽቦ የሆነ ሳጥን ሠርታ፣ ከሥር ነፋስ ሆዷን እንዲያገኘው በአራት ጡብ ላይ አቆመችና፣ ውሃና መኖ አስገብታ ዘጋችባት። በሦስተኛው ቀን ማታ ከሱቋ ተመልሳ ስትከፍትላት ዶሮዋ ጎጆውን ዞር ብላም አላየችው። ሐኪሙ "ተመልሳ እስክትጥል አንድ ሁለት ሳምንት ትቆያለች" ብሏት ነበር፤ እሷ ግን በማግስቱ ጣለች።

"እጅሽ መድኃኒት ነው" አሉ ያን ጊዜ እትዬ።

እትዬ እሷን አመስግነው አያውቁም። መጠርጠር የነበረባት ያኔ ነው። ግን በዚያው ቀን ከእሳቸው ዶሮዎች አንዷን ድመት ስለበላባቸው፣ ሐዘኑ ነው ያለዘባቸው ብላ አለፈችው። ለቀስተኛ እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኸው ነበር። "በቀዳዳ አጥርሽ ድመት አስገብተሽ አስበላሽብኝ!" ቢሏት፣ ያለቻትን አንዲት የዕረፍት ቀን አጥር ስታጥር ዋለች።

አሁን ዶሮዋን በጀርባዋ ገለበጠቻት። ደረቷ በላባ ጥቅጥቅ ብሏል፤ አንዲት የተነጨች የለችም።

ለቀቀቻትና እትዬ ሰሞኑን ወደሚያዘወትሩት ዕቃ ቤት አመራች።

"እዚያ ምን አለሽ? የኔ ዕቃ ነው ያለው!" እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እያንጣጡ ተከተሏት።

በሩ ሥር ጡጫ የሚያክል አንድ የኩስ ክምር አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ቀኑን ሙሉ ስትዞር የምትውል ዶሮ እንዲህ አትጥልም። ይህ ቀኑን ሁሉ ይዛ ቆይታ፣ ለመኖ ብቅ ስትል አንዴ የምትዘረግፍ የታቃፊ ዶሮ ነው። ከአሮጌው ፍራሽ ጀርባ፣ ክዳኑ በተገነጠለ ሻንጣ ውስጥ፣ ጭድ ላይ ተዘርግታ ቀይዋ አጉረመረመች።

"ድመት የበላት ዶሮ ከሞት ተነሣች!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ድመት የበላው የኔን ነው። ይህቺማ ያንቺ ናት።"

"የእርስዎማ ክሬን አስራ ግቢው ውስጥ ትንሸራሸራለች! ሌባ ነዎት!"

እትዬ አላፈሩም። "ማን የማንን ሰረቀ? ያንቺዋ ሥራ ፈታ ስትታቀፍ፣ የኔዋ አሥራ ስድስት ቀን ስትጥልልሽ ከረመች። እንቁላሏን ማን በላው?"

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?"

"አልልም።"

"እንግዲያስ!"

"ደግሞ ያለ አውራ! ባዶ እንቁላል ነው ያስታቀፏት።"

"አውራዬን ማን አጠፋው?" የእትዬ ድምፅ ተሰነጠቀ። "እኔ ሆስፒታል ተኝቼ፣ እንቅልፍ ነሳኝ ብለሽ የሸጥሽው ማን ሆነሽ ነው? ወጥቼ ስመጣ በሩ ላይ ማን ጠበቀኝ? እንቁላሉን ያመጣሁት ከዳቦ ጋጋሪው ሚስት ነው። እሷ አውራም አላት፤ እንቅልፍም አላት!"

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ዶሮዋን ከሻንጣው አነሣቻት። ዶሮዋ አውራ ጣቷን ነክሳ አደማቻት።

"ዶሮዬን እወስዳለሁ።"

"ውሰጂያት። ሊፈለፈሉ አምስት ቀን ነው የቀራቸው። ሳጥንሽ ውስጥ ክተቻትና ደስ ይበልሽ።"

ዘጠኝ እንቁላሎች ጭዱ ላይ ተጋልጠው ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ አንዱን አነሣች፤ ባዶነቱን በዓይናቸው ልታሳያቸው። በጨለማው ጥግ የስልኳን መብራት ከሥሩ አስጠጋች። እንቁላሉ ጥቁር ነው፤ ሰፊው ጫፍ ላይ ብቻ ጠባብ ብርሃን ቀርቷል። በብርሃኑ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ፈንጠር አለ። ቆየ፤ ደግሞ ፈንጠር አለ። የዶሮዋ ራቁት ሆድ ክንዷ ላይ እንደ ካውያ ይግላል።

"ይቀዘቅዛሉ" አሉ እትዬ። በአሥራ አንድ ዓመት ሳይጮሁና ያለ ተንኮል ሲያናግሯት የመጀመሪያቸው ነው።

እንቁላሉን ቦታው መለሰችና ዶሮዋን ለቀቀቻት። ዶሮዋ ተዘርግታ ዘጠኙንም በመንቆሯ አንድ በአንድ ከሥሯ ሰበሰበች።

ልብስ ሰፊዋ የደማ ጣቷን እየመጠጠች ወጣች። ስትመለስ የሽቦ ሳጥኑን ተሸክማለች። እትዬ በሩን በገላቸው ከለሉ።

"አትነኪያትም!"

"ዞር ይበሉ።"

የዕቃ ቤቱ በር የታችኛው ሳንቃ ከተሰበረ ቆይቷል። ሳጥኑን በጎኑ አጋድማ ክፍተቱ ላይ ገጠመችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ድመት እንዳይገባ ነው።"

"የምን ድመት?"

"አጥር ያሳጠረኝ ድመት ነዋ!"

ልብስ ሰፊዋ አራቱን ጡቦች አንድ በአንድ አምጥታ ሳጥኑን አስደገፈችበት፤ ነቅነቅ አድርጋ መጥበቁን አየች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሱቋ መንገድ ጀመረች። ከግቢው በር ላይ ዞር አለች።

"አውራ ከወጣ ግን የሚያድረው በእርስዎ መስኮት ሥር ነው።"